የአእምሮ ሕመምተኛ ልጃችን ሲታሰር፦ ከእስር ቤት ይልቅ ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ

የጎረቤት በር በሌሊት የደበደበ፣ ከሱቅ ሳይከፍል ዕቃ ይዞ የወጣ ወይም «ይከታተሉኛል» እያለ መንገድ ላይ የሚጮህ ሕመምተኛ ወጣት አሜሪካ ውስጥ የፖሊስ እጅ ሲገባ ከፊቱ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እስር ቤት ነው፤ ሌላው ሕክምና። ሁለተኛውን መንገድ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ዳይቨርሽን» ይሉታል፤ አቅጣጫ ማስቀየር እንደማለት ነው። ሕመሙ ለጥፋቱ ምክንያት የሆነበትን ሰው ከእስርና ከክስ መስመር አውጥቶ፣ በሚኖርበት አካባቢ ሆኖ እንዲታከም ማድረግ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን «ልጃችን ታሟል፣ ፖሊስ ወሰደው፣ ምን እናድርግ?» የሚል ከአሜሪካ የሚደርሰን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን ከረፈደ በኋላ ነው። ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ፈርሟል፤ ቤተሰቡም ቶሎ ይፈታልን ብሎ ፈርም ብሎታል። የዳይቨርሽን በር በሰፊው የሚከፈተው ግን ከዚያ ፊርማ በፊት ነው። አሠራሩን ከመነሻው እንመልከት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እስር ቤቱ እንዴት ሆስፒታል ሆነ?

በ1955 በአሜሪካ የክፍለ ግዛት የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ወደ 558 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን ተኝተው ነበር። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች የተጨናነቁና ሰው ክብሩን የሚያጣባቸው ነበሩ። አዳዲስ መድኃኒቶች ሲገኙ ሕሙማኑን ወደ ቤታቸው መልሶ በየሰፈሩ ማከም ይቻላል ተባለ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጥቅምት ወር 1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላትን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ሆስፒታሎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ በምትካቸው ይከፈታሉ ከተባሉት ማዕከላት ግን ብዙዎቹ አልተከፈቱም። ዛሬ በእነዚያ የክፍለ ግዛት ሆስፒታሎች ያለው አልጋ ከ40 ሺህ ያንሳል።

ሕመሙ አልጠፋም፤ ሕመምተኛው የሚገኝበት ቦታ ተለወጠ እንጂ። የአሜሪካ የፍትሕ ስታትስቲክስ ቢሮ በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በካውንቲ እስር ቤቶች ካሉ ሰዎች 44 ከመቶው በሕይወት ዘመናቸው የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው በባለሙያ ተነግሯቸዋል። እስር ቤት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚሆን ቦታ አይደለም። መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ብርሃንና ጩኸት እንቅልፍ ይነሱታል፤ የጠባቂን ትእዛዝ ሳይረዳ ሲቀር እንደ እምቢተኛ ተቆጥሮ ለብቻው ይዘጋበታል። ሲወጣም ከገባበት ብሶበት ይወጣል።

ማያሚ

ስለ ዳይቨርሽን ሲነገር በብዛት የሚጠቀሰው የፍሎሪዳው ማያሚ ዴድ ካውንቲ ነው። መነሻውን ዳኛ ስቲቭ ሊፍማን በየመድረኩ ተናግረውታል። በ2000 አንድ ባልና ሚስት ወደ ዳኛው መጥተው ልጃቸውን እንዲረዱላቸው ለመኗቸው። ልጁ በሃርቫርድ የተማረ የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ በኋላ ራሱ በስኪዞፍሬኒያ ታሞ መንገድ ላይ ወደቀ። ዳኛው እረዳችኋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ችሎት ላይ ልጁ ወላጆቹን አላውቃቸውም ብሎ መጮህ ጀመረ። ዳኛው ሕጉን ሲያገላብጡ ግን በዚያ ቀላል ክስ ልጁን ወደ ሕክምና የሚልኩበት ምንም ሥልጣን እንደሌላቸው አወቁ። የነበራቸው አማራጭ መልቀቅ ብቻ ነበር።

ዳኛው በዚያው ዓመት አቃቤ ሕጉን፣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆችን፣ ፖሊስን፣ ሐኪሞችንና የታማሚ ቤተሰቦችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰቡ። ከዚያ የወጣው ፕሮግራም ሁለት በሮች አሉት። የመጀመሪያው ከመታሰር በፊት ያለው ነው፤ የሠለጠነ ፖሊስ ሰውየውን ካቴና ከማስገባት ይልቅ ወደ ድንገተኛ የአእምሮ ሕክምና ይወስደዋል። ሁለተኛው ከታሰረ በኋላ ያለው ነው። እስር ቤት የገባው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ይመረመራል፤ መስፈርቱን ካሟላ ወደ ሕክምና ተቋም ይዛወራል፤ ከተረጋጋና ለመታከም ከተስማማ ክሱ ሊቀልለት ወይም ሊሰረዝለት ይችላል። በመጀመሪያ የተፈቀደው ለቀላል ወንጀሎች ብቻ ነበር፤ በ2008 ኃይል ያልተቀላቀለባቸው አንዳንድ ከባድ ወንጀሎችም ተጨመሩ።

እኛን ይበልጥ የገረመን ከሕክምናው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ሰውየው ሲወጣ ቤት ይፈለግለታል፤ የመንግሥት ድጎማ ማመልከቻ በፍጥነት ይሞላለታል፤ ራሱ በዚህ ሕመም አልፎ የዳነ ሰው ይመደብለታል። ይህ ሰው ቀጠሮውን ያስታውሰዋል፣ ክሊኒክ ድረስ አብሮት ይሄዳል። ሐኪም ሊናገረው የማይችለውን «እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚለውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው።

ውጤቱስ? ፕሮግራሙ ራሱ እንደሚገልጸው፣ በቀላል ወንጀል ተይዘው ከገቡት ውስጥ ተመልሶ የሚታሰረው ቀድሞ ከነበረው 75 ከመቶ ገደማ ወደ 20 ከመቶ ወርዷል። የማያሚ ከተማና የካውንቲው ፖሊሶች በአሥር ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ከአእምሮ ሕመም ጋር የተያያዙ ጥሪዎችን ተቀብለው ያሰሩት ከ200 ያነሰ ሰው ነው። የእስረኛው ቁጥር በመቀነሱ ካውንቲው አንድ እስር ቤት ዘግቷል፤ በዚህም በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ማትረፉ ተገልጿል።

«ለወንጀለኛ ገንዘብ ማባከን» ለሚሉት ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካውንቲው በጣም ደጋግመው የሚታሰሩ 97 የአእምሮ ሕሙማንን ለይተው አጠኑ። እነዚህ 97 ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 2,200 ጊዜ ታስረዋል፣ 27 ሺህ ቀን እስር ቤት አሳልፈዋል፣ 13 ሺህ ቀን በሆስፒታልና በድንገተኛ ክፍል ቆይተዋል። የወጣው ገንዘብ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ወጪ የተሻለው ሰው ጥቂት ነበር።

ሜምፊስ፣ ብሮዋርድ፣ ፌርፋክስ

የፖሊስ ሥልጠናው የማያሚ ፈጠራ አይደለም። በ1987 በቴነሲዋ ሜምፊስ ከተማ ራሱን በቢላ ይቆርጥ የነበረ አንድ የ27 ዓመት ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ከተማዋ በቁጣ ተነሳች፤ በዓመቱ ሲአይቲ የሚባለው የ40 ሰዓት ሥልጠና ተጀመረ። ፖሊሱ በዝግታ መናገርን፣ ርቀት መጠበቅን፣ ማዳመጥን፣ ጊዜ መስጠትን ይማራል። የአእምሮ ጤና ችሎት የሚባለው ደግሞ በ1997 በፍሎሪዳ ብሮዋርድ ካውንቲ ተጀመረ፤ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ችሎቶች በመላ አሜሪካ በመቶዎች ይቆጠራሉ። በእነዚህ ችሎቶች ዳኛው ተከሳሹን በየጥቂት ሳምንቱ እየጠራ መድኃኒቱን መውሰዱን፣ ቀጠሮውን ማክበሩን፣ የት እንደሚያድር ይጠይቀዋል።

ከሐበሾች ሰፈር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ እዚያ ይኖራሉ። የቀድሞ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ፒት ኧርሊ ልጁ በባይፖላር ሲታመም ሆስፒታል ወሰደው፤ ልጁ አልታከምም ስላለና አደገኛ ነው ስላልተባለ መለሱት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ የማያውቀው ሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ ገላውን ሲታጠብ ተያዘ። ለሕክምና የተዘጋው በር ለክስ ወዲያው ተከፈተ። አባትየው በዚህ ተነስቶ የማያሚን እስር ቤት ከውስጥ አይቶ በ2006 መጽሐፍ አሳተመ። በ2015 መጀመሪያ ደግሞ በዚያው በፌርፋክስ እስር ቤት አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ ሴት ጠባቂዎች በኤሌክትሪክ መሣሪያ ደጋግመው ከመቷት ከቀናት በኋላ ሞተች። ካውንቲው በጥር 2016 «ዳይቨርሽን ፈርስት» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ሜሪፊልድ በሚገኘው የድንገተኛ አእምሮ ሕክምና ማዕከል፣ ሰውየውን ይዞ የመጣው ፖሊስ እዚያ ላለው ተረኛ ፖሊስ አስረክቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፖሊስ ሆስፒታል በር ላይ ለሰዓታት እንዲቆም ከተደረገ እስር ቤት መውሰድን ይመርጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ተረኛ ስለሆነ ነው።

በሸሪዓ ዓይን

ኡሱል አል ፊቅህ ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ዐቅል የተክሊፍ መሠረት መሆኑ ነው፤ ዐቅሉን ያጣ ሰው ሙከለፍ አይደለም። አቡ ዳዉድና ሌሎችም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሦስት ሰዎች ብዕር መነሳቱን ተናግረዋል፤ አንዱ እስኪሻለው ድረስ ዐቅሉን የሳተ ነው። ይህ በኪታብ ብቻ የቀረ አልነበረም። ማዒዝ (ረ.ዐ.) መጥቶ በራሱ ላይ ሲመሰክር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፍርድ በፊት እብደት እንዳለበት ጠይቀዋል። በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ደግሞ ዝሙት የፈጸመች አንዲት ዐቅሏን የሳተች ሴት ቅጣት ተፈርዶባት ስትወሰድ ዐሊይ (ረ.ዐ.) መንገድ ላይ አገኟት። መልሷት አሉ፤ ዑመር ዘንድ ገብተውም ያንን ሐዲሥ አስታወሷቸው። ዑመርም «አላሁ አክበር» እያሉ ለቀቋት። ወደ ቅጣት ስትሄድ የነበረች ሕመምተኛ ከመንገድ የተመለሰችበት ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። አንደኛ፣ የዐቅል ማጣት ቅጣትን ያነሳል እንጂ የተጎጂውን ሐቅ አያጠፋም። ሕመምተኛው የሰበረው ዕቃ ከንብረቱ ይተካል፤ ወሊዩ ይከፍላል። ስለዚህ የጎረቤቱን በር የሰበረ ልጅ ያለው ቤተሰብ «ታሞ ነው» ብሎ ብቻ መቅረት የለበትም፤ በሩን ማሠራት አለበት። ዳይቨርሽን ላይም ብዙ ጊዜ ካሳ መክፈል አንዱ ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ዳይቨርሽን ከሙሉ የዐቅል ማጣት ጋር አንድ አይደለም። በዳይቨርሽን ከሚያልፉት ብዙዎቹ የሚያደርጉትን በከፊልም ቢሆን የሚያውቁ ናቸው፤ ሕጋቸው ተጠያቂ አይደሉም አላላቸውም። ፉቀሃዎችም ቢሆኑ የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ያለበትን ሰው በነቃበት ጊዜ ተጠያቂ ያደርጉታል። ዳይቨርሽንን ከዐሊይ ታሪክ ጋር አንድ ነው ማለት ስህተት ነው፤ ዝምድና አላቸው ማለት ግን ይቻላል።

ሕክምናንም በተመለከተ የሙስሊሙ ታሪክ ባዶ አይደለም። በ1154 በደማስቆ የተሠራው የኑሪ ቢማሪስታን፣ በ1284 በካይሮ የተከፈተው የመንሱሪ ቢማሪስታን በወቅፍ ገቢ ሕሙማንን ያክሙ ነበር፤ ለአእምሮ ሕሙማንም ቦታ ነበራቸው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ሰንሰለትም ነበር፤ ኢብን ጁበይር በደማስቆ የታሰሩ የአእምሮ ሕሙማን ማየቱን ጽፏል። በአባቶቻችን ለመኩራት ብቻ ብለን ይህንን መደበቅ አያስፈልገንም።

ስለ ሩቃም የሚጠይቁን አሉ። ሩቃ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ መድኃኒት መፈለግም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙት ነው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ነገር ግን «ጂን ነው» ብሎ ልጁን ለአንድ ዓመት ቤት ውስጥ መደበቅ ብዙ ጊዜ መጨረሻው የፖሊስ ጥሪ ነው።

የቀሩት ችግሮች

ዳይቨርሽን የሚሠራው የሚላክበት ቦታ ሲኖር ነው። አልጋ፣ ቤትና ሐኪም በሌለበት ካውንቲ ዳኛው የሚጽፈው ወረቀት ብቻ ይሆናል። ሌላው ወቀሳ ይበልጥ ያሳስበናል። ሰው ጥሩ ሕክምና ለማግኘት መታሰር አለበት ወይ? የኧርሊ ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ደግሞም «ፈቃደኛ ነህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ሲቀርብ ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ያጠራጥራል። ቢሆንም ከእስሩ ጋር ሲነጻጸር መንገዱ ይሻላል የሚለው አቋማችን አልተለወጠም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አንባቢዎች፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የሚሠራውን መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይደለም ይላል፤ አንቀጽ 49 ስለ ከፊል ኃላፊነት ይናገራል። ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ እንደሚያዝ አንቀጽ 51 ይደነግጋል። ከአንቀጽ 129 እስከ 131 ያሉት ደግሞ በተቋም ውስጥ ስለማቆየትና ስለ ሕክምና ናቸው። ቤተሰብ ወይም ጠበቃ ይህንን ምርመራ በችሎት መጠየቅ ይችላል። ሕጉ የሚናገረው ግን ስለ ፍርድ ቤት ነው፤ ፖሊሱ መንገድ ላይ ስለሚወስነው ውሳኔ አይደለም።

አሜሪካ ያለ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አደጋ ከሌለ 911 ሳይሆን 988 ይደወላል። ይህ የአእምሮ ጤና ቀውስ መስመር ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ሲያነሱት «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የሕይወት አደጋ ካለና 911 ከተደወለ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ልጄ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» የሚል ይሁን፤ መሣሪያ መኖር አለመኖሩ ይነገር፤ የሲአይቲ ሥልጠና ያለው ፖሊስ እንዲላክ ይጠየቅ። ፖሊሱ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ላይ ባይጮህ ይሻላል። ይህንን መጻፉ ቀላል እንደሆነ እናውቃለን።

ልጁ ከታሰረ በዚያው ቀን ወደ እስር ቤቱ የሕክምና ክፍል ይደወል። የሕመሙ ስም፣ የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ፣ የሐኪሙ ስም፣ ከዚህ በፊት ራሱን ለመጉዳት ሞክሮ ከሆነ ያም ይነገር። ነርሷ «ስለ እስረኛው ልነግርዎ አልችልም» ልትል ትችላለች። የምስጢር ሕጉ እሷ እንዳትናገር እንጂ እንዳትሰማ አይከለክላትም። ስለዚህ ስልኩን ሳትዘጉ የምትሉትን በሉ፤ በጽሑፍም ላኩ።

ቀጥሎ ጠበቃው ነው። ፐብሊክ ዲፌንደር የሚባለው በመንግሥት የሚመደበው ጠበቃ ጉዳዩ ብዙ ስለሆነ ልጁ መታመሙን ላያውቅ ይችላል። «በዚህ ካውንቲ ዳይቨርሽን ወይም የአእምሮ ጤና ችሎት አለ ወይ? የሚጀምረው ጥፋተኛ ነኝ ከማለት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው ጥያቄ ዜጋ ላልሆነ ልጅ ከሁሉም ይበልጣል። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ተከሳሹ መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፤ ሕክምናውን ሲጨርስ ክሱ ይሰረዝለታል። የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት «ተሰርዟል» ቢልም፣ በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ትርጉም፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለቱና ዳኛው ግዴታ መጣሉ ብቻ እንደ ጥፋተኝነት ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ታክሞ ድኖ፣ ፕሮግራሙን በጥሩ ሁኔታ ጨርሶ ሊባረር ይችላል ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በሰጠው የፓዲያ ውሳኔ የወንጀል ጠበቃ ስለ ኢሚግሬሽን ጉዳቱ ደንበኛውን መምከር እንዳለበት ተደንግጓል፤ ይህንን መጠየቅ መብታችሁ ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ «ፈርምና ቶሎ ውጣ» ማለት ይቅር።

ምርመራው በአስተርጓሚ ከሆነ አስተርጓሚው ባለሙያ ይሁን፤ ወንድምና እህት አይተርጉሙ። ልጁ «ጂን» ሲል ባለሙያው የሃይማኖቱን ተራ እምነት እንደ ቅዠት ሊቆጥረው ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ቤተሰቡ ቅዠቱን «ሃይማኖተኛ ስለሆነ ነው» ብሎ ሊሸፍነው ይችላል። ልጁ ከመታመሙ በፊት እንዴት ይሰግድ፣ እንዴት ይናገር እንደነበረ የሚያውቅ ኢማም ልዩነቱን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ማስረዳት ይችላል።

የችሎቱ ቀን ሲደርስ ከመስጂዱ ሁለት ሦስት ሰው ከቤተሰቡ ጋር ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው ልጁ ሲወጣ የት እንደሚያድር፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስታውሰው፣ ወደ ክሊኒክ ማን በመኪና እንደሚወስደው ነው። ኢማሙ ለችሎቱ የሚጽፈውም ደብዳቤ «ጨዋ ልጅ ነው» ብሎ ከሚያበቃ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማን እንደሚወስደው በስም ቢጽፍ ይበልጥ ይጠቅማል።